ልጆቹ በአማርኛ ሊናገሩ ነው የመጡት

ግልጽ ደብዳቤ ለማኅበራችን የቦርድ አባላት
ግልባጭ፦ ለአባላቱ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የተሰረዘው የመነባንብና የአጫጭር ተውኔቶች ምሽት እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤቱ ክፍል ውስጥ ለልጆቻችሁ ፊደል የማስቆጥረው፣ ትምህርት ሲያልቅ ወንበር የምሰበስበው ሰው ነኝ። ይህን ሥራ 22 ዓመት ስሠራ ከቦርዱ ጋር አንድም ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍላችሁ ላሳጣችሁ ፈልጌ አይደለም። በስልክ ጠየቅኳችሁ፣ ቢሮ ድረስ መጣሁ፣ መልሱ አንድ ሆነብኝ። ጉዳዩ ደግሞ የአባላቱ ሁሉ ነው። የማኅበራችንን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ነገሩ በማንኛውም የሐበሻ አዳራሽ ሊደርስ የሚችል ነውና።

ታሪኩን ላልሰሙ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ሰባት ወጣቶች፣ ሁሉም የእኛው ልጆች፣ ለአንድ ቅዳሜ ምሽት አዳራሹን ለመከራየት አመለከቱ። በቅጹ ላይ «የመነባንብና የአጫጭር ተውኔቶች ምሽት» ብለው ሞሉ፣ መያዣውን ከፈሉ፣ ደረሰኝ ተቆረጠላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከቦርዱ አንድ ሰው ደውሎ የተውኔቶቹ ጭብጥ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ልጆቹ አልደበቁም። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑና ትራንስጀንደር የሆኑ ኢትዮጵያውያን ስለ ራሳቸው ኑሮ የጻፉት ነው ብለው መለሱ። በማግስቱ ገንዘቡ ተመለሰ። ምክንያቱ በስልክ መልእክት፣ በሁለት መስመር መጣ። ዝግጅቱ ከማኅበረሰቡ ባህልና እምነት ጋር አይሄድም የሚል ነው።

እኔ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባሁት በሰዋስው በኩል ነው።

የካቲት ውስጥ አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ድምፅዋን አላወቅሁትም። «ጋሼ፣ ሃሌታው ‹ሀ›፣ ሐመሩ ‹ሐ›፣ ብዙኃኑ ‹ኀ› ተምታቶባት ያለቀሰችው ልጅ ነኝ» ስትለኝ ወዲያው ትዝ አለችኝ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ነርስ ናት። በአማርኛ የጻፍኩት ነገር አለ፣ እዩልኝ አለችኝ። ስምንት ገጽ ነበር። መጀመሪያ በላቲን ፊደል ጽፋው፣ ከዚያ ቃል በቃል ወደ ፊደላችን የገለበጠችው ነው። «ሐ»ን በቦታው አግኝታዋለች።

ጽሑፉ መነባንብ ነው። አንዲት ሴት እሑድ እሑድ ደሴ ላሉት አያቷ ትደውላለች። ከሌላ ሴት ጋር ትዳር ብላ መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። መሥሪያ ቤቷ ችግር የለባትም። በእንግሊዝኛ «ፓርትነሬ» ብላ ታልፋለች፤ ቃሉ ወንድ ይሁን ሴት አይናገርባትም። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አይሰጥም። ወይ «መጣ» ወይ «መጣች»፣ ወይ «በላ» ወይ «በላች» ማለት ግድ ነው። ግሡ ራሱ ያወጣባታል። ሴትየዋ ብዙ አስባ ያገኘችው መውጫ አንቱታ ነው። «እሳቸው ዛሬ ሥራ ገብተዋል»፣ «እሳቸው ሰላም ብለዎታል» እያለች ስድስቱን ዓመት ዘለቀች። አያቲቱም የልጅ ልጃቸው ያገባችው በዕድሜ የገፉ ሰው ነው ብለው አመኑ። ለቁርጥማታቸው ይሆናል ብለው ፌጦ በሰው ላኩላቸው። መነባንቡ የሚያልቀው ሴትየዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው። ብቻዋን ተቀምጣ ትለማመዳለች። መጣች። በላች። ሣቀች። ተኛች። እያንዳንዱን ግሥ ለብቻው፣ በመካከሉ ዝም እያለች ትለዋለች።

በስምንቱ ገጽ ውስጥ ያረምኩት አሥራ አንድ ቦታ ብቻ ነው። «እሳቸው»ን የሚከተለው ግሥ አንዳንድ ቦታ ተዛንፎባት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱታን የአክብሮት መግለጫ ብዬ ነው ያስተማርኩት። አንድ ሰው የሚወደውን ሰው የሚደብቅበት ጓዳ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ማረሚያውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ፤ ልጅቷም ቡናዋን ሳትነካ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ሁለተኛውን መነባንብ የጻፈው ወንድ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ እናቱ «አንቺ» እያለች ነበር የምታቆላምጠው። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ማለት የቤታችን ፍቅር ነው። «ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ይቺን ብቻ ጉረሺልኝ» እያለች አጉርሳ አሳደገችው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ጎረቤት አረማመዱን፣ እጁን የሚያወራጭበትን ሁኔታ ያነሣ ጀመር። ከዚያ በኋላ እናቱ አንቺ ብላው አታውቅም። አልመታችውም፣ አልረገመችውም፣ ከቤት አላስወጣችውም። የነሣችው አንዲት ቃል ናት። መድረኩ ላይ ያለው ዕቃ አንድ መሶብ ብቻ ነው፤ ልጁ መሶቡ ፊት ተቀምጦ ይናገርና በመጨረሻ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ቤት ሲለማመዱ ባለቤቴ ሻይ ይዛ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ይህንኑ ሰማች። ደረጃው መሐል ቆማ ቀረች። እስኪጨርስ አልወረደችም፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ከባህላችን ጋር አይሄድም የተባለው ይህ ነው። እሑድ ለአያት መደወል፣ በሰው ፌጦ መላክ፣ ጉርሻ፣ ማቆላመጥ፣ አንቱታ። ከዚህ የበለጠ የእኛ የሆነ ነገር እዚያ መድረክ ላይ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው? ባለፈው ዓመት ያው አዳራሽ ለሦስት የኮሜዲ ምሽቶች ተከራይቷል። በአንዱ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ወገቡን እያወዛወዘ «እንዲህ ያሉትን» ሲያስመስል አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ያን ቀን ጭብጡን አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። ስለ እነዚህ ሰዎች መናገር ከባህላችን ጋር ሄዷል ማለት ነው። ያልሄደው ራሳቸው ሲናገሩ ነው። ያን ምሽት ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ሣቅ የጠፋባቸው ልጆች እንደነበሩ አሁን ነው የገባኝ፤ አንዱ ይኸው የመሶቡ ልጅ ነው።

እነዚህ ሰዎች በአማርኛ በምን ስም እንደሚጠሩም ከልጆቹ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዱ ቃል ከወንጀል ሕጉና ከስብከቱ የመጣ ነው፤ ሌላው የመንገድ ስድብ ነው፣ አልጽፈውም። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለው ትክክል ነው፤ ግን የሬዲዮ ዜና ይመስላል፣ ለመነባንብ አይገባም። አዲስ አበባ ያሉት እርስ በርስ ሲጠራሩበት የኖሩት ቃል ሌላ ነው። «ዜጋ» ይባባላሉ። «እሱ እኮ ዜጋ ነው» ሲባል የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅ ሰምቶ ያልፋል። ስም በሚነፍጋቸው አገር የመረጡት ስም ይህ መሆኑን ስሰማ የተሰማኝን በቃላት ማስረዳት ይከብደኛል። በመብታቸው ዙሪያ የሚሠራ አንድ ድርጅትም ራሱን «ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ» ብሎ ሰይሟል። «ዜጋ»ንም «ጉራማይሌ»ንም ከየትም አልተዋሱም፤ ከእኛው ቋንቋ ነው ያነሡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ልጆች መድረክ አጥተው አይደለም ወደ እናንተ የመጡት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ውስጥ ይህንኑ ዝግጅት በእንግሊዝኛ ቢያቀርቡ በደስታ የሚቀበላቸው ቴአትር ቤት ሞልቷል። ሁለቱ ከዚህ በፊት አቅርበዋል፤ የማያውቃቸው ታዳሚ ቆሞ አጨብጭቦላቸዋል። ሕመማቸውንና ፍቅራቸውን ለባዕድ ሲያወሩ ኖረዋል። አሁን የፈለጉት በአማርኛ ለመናገር ነው፤ ለእናቶቻቸው፣ ለአባቶቻቸው፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ፊደል ላስቆጠራቸው ሰው። የዋሽንግተን ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጾችንና ማስታወቂያዎችን በአማርኛ ያቀርባሉ። ልጆቹ ስለ ክትባትና ስለ ቤት ኪራይ ድጎማ በአማርኛ ማንበብ ይችላሉ። ስለ ራሳቸው ግን አንድ ደህና ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሰምተው አያውቁም። እኛ አዳራሹን ስንዘጋባቸው ዝም አላሰኘናቸውም። ከእኛ ጋር በእኛ ቋንቋ እንዳትነጋገሩ ነው ያልናቸው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ቴአትር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2013 ታክሲ እነዳ ነበር። በኦክቶበር መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ጭቅጭቅ ሲዘጋ፣ ሊንከን የተተኮሰበት ፎርድስ ቴአትርም አብሮ ተዘጋ፤ ሕንፃው የመንግሥት ነውና። በዚያ ሰሞን ይታይ የነበረው «ዘ ላራሚ ፕሮጀክት» የሚባለው ተውኔት ነበር። ተዋንያኑ ተለማምደው፣ መድረካቸው ተዘጋጅቶ፣ መግቢያ አጡ። በሩን የከፈተላቸው እዚያው 10ኛው መንገድ ላይ ያለው ፈርስት ኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከኤርፖርት ያደረስኳት አንዲት መምህርት ነገረችኝና ሄድኩ። ቴአትር ካየሁ ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

ተውኔቱ የተሠራው ከእውነተኛ ሰዎች ቃል ነው። ማቲው ሼፐርድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ የ21 ዓመት የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በኦክቶበር 1998 አንድ ሌሊት፣ ላራሚ በምትባል 27 ሺህ ገደማ ሰው በሚኖርባት ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ከመጠጥ ቤት በመኪና ወስደው በሽጉጥ ሰደፍ ቀጠቀጡት፣ ዘረፉት፣ ከከተማው ዳር ካለ የእንጨት አጥር ጋር አስረውት ሄዱ። ያገኘው አንድ ብስክሌተኛ ነው፤ ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ። ከሩቅ ሲያየው ለወፍ ማባረሪያ የቆመ የጨርቅ ሰው መስሎት ነበር። ፊቱ በደም ተሸፍኖ፣ ደም ያልነበረበት እንባው በወረደበት መስመር ብቻ እንደነበረ ተመስክሯል። ሆስፒታል ገብቶ ኦክቶበር 12 አረፈ።

ከአንድ ወር በኋላ ሞይሰስ ካውፍማን የተባለው ጸሐፌ ተውኔት ቴክቶኒክ ከሚባለው የቴአትር ቡድኑ ጋር ከኒው ዮርክ ወደዚያች ከተማ ሄደ። ከ200 በላይ ቃለ መጠይቅ አደረጉ። ተውኔቱ በ2000 ዴንቨር ላይ ተከፈተ፤ ስምንት ተዋንያን ከ60 በላይ ሰዎችን ሆነው ይጫወታሉ። እኔን ወንበሬ ላይ ያስቀረኝ ማቲው ራሱ መድረክ ላይ አለመኖሩ ነው። የሚናገረው ከተማው ነው። የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ይናገራል። መጀመሪያ አጥሩ ጋ የደረሰችው ፖሊስ ትናገራለች። የከተማው ሊሙዚን ነጂ ይናገራል፤ ማቲውን በመኪናው ያመላለሰ ሰው ነው፣ እኔም ነጂ ነኝና እሱን ከሁሉም በላይ አዳመጥኩት። የካቶሊኩ ቄስ ይናገራል። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን በእምነቱ የሚያወግዘው ሰባኪም ይናገራል፤ ማንም አልተቆረጠም፣ ማንም አልተሰደበም። አባትየው በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቆሞ የልጁን ገዳይ ከሞት ፍርድ ሲያስተርፍ እንሰማለን። ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ሃይማኖቴ አልተለወጠም። የተለወጠው የምፈራው ነገር ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በቤቴ እንዳይወጣ ነበር የምፈራው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈራው ልጄ አጥር ላይ ታስሮ ሳለ ከሩቅ አይቼ የጨርቅ ሰው መስሎኝ እንዳላልፍ ነው።

ለእድር ሰዎች የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ወላጆቹ የማቲውን አመድ 20 ዓመት ሙሉ አልቀበሩትም፤ መቃብሩን ያረክሱብናል ብለው ፈሩ። በ2018 ኦክቶበር 26 ቀን በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል አሳረፉት። ዊስኮንሲን ጎዳና ላይ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ያን ሕንፃ ያውቀዋል። ቀብር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ልጅን ለመቅበር 20 ዓመት መፍራት ምን እንደሚመስል ግን አስቡት።

ለምን መነባንብና አጭር ተውኔት እንደመረጡም ጠይቃችሁኝ ነበር። እንዲህ ያለው ታሪክ ከጥንትም ትልቅ መድረክ ስለማይሰጠው ነው። ኒው ዮርክ በ1927 ያወጣችው ሕግ «የጾታ ብልግና» ያለውን ርእስ የሚያነሣ ቴአትር ቤት ለአንድ ዓመት እንዲታሸግ ይፈቅድ ነበር፤ ሕዝቡ «የቁልፍ ሕግ» ይለው ነበር፣ እስከ 1967 ድረስም ከመጽሐፉ አልወጣም። በዚያ ዘመን ጆ ቺኖ የሚባል ሰው በ1958 ግሪንች ቪሌጅ ውስጥ አንዲት ቡና ቤት ከፈተ። ጠረጴዛዎቹን ገፋ አድርጎ በመሐል አጫጭር ተውኔቶች ያሳይ ጀመር። የላንፎርድ ዊልሰን «የሌዲ ብራይት እብደት» በ1964 የታየው እዚያ ነው፤ በክፍሉ ብቻውን የቀረ፣ ወጣትነቱ ያለፈ አንድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ከትዝታዎቹ ጋር የሚያወራበት ነው። ትልቅ መድረክ፣ ትልቅ ገንዘብ አልነበረም። ቡና፣ ወንበርና የሚናገር ሰው ነበር። ያቺ ቡና ቤት በ1968 ተዘጋች፤ ሕንፃው ዛሬ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቡና ይዞ ተቀምጦ የሰውን ታሪክ መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ አፍሪካ ውስጥ የለም ብላችሁኛል። በ2012 ካምፓላ ላይ «ወንዙና ተራራው» የሚል ተውኔት በኡጋንዳውያን ተዋንያን ታየ። ጭብጡ አንድ የንግድ ሰው ሠራተኞቹ ፊት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑ ሲታወቅ የሚደርስበት ነው። አቅራቢው እንግሊዛዊ ነበር፤ ታስሮ በቀጣዩ ዓመት ከአገር ተባረረ። ተዋንያኑ ግን የዚያው አገር ልጆች ነበሩ፤ ታዳሚውም እንዲሁ።

የራሳችንንም እናስታውስ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የአውሬዎች ኮሜዲ፣ መኳንንቱን አስቆጥቶ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቴአትራችን ሲወለድ ጀምሮ «ከባህል ጋር አይሄድም» እየተባለ ያደገ ነው። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ብሎ ሲጽፍ፣ አቻ ያልሆነ ሰው ማግባት ነውር በሆነበት አገር ነው የጻፈው። እኔ ራሴ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። የሚሰጠንን ቃለ ተውኔት ከላይ ታይቶ፣ ታርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነበር የምንይዘው። ከዚህ ቦርድ የጭብጥ ጥያቄ መጣ ሲሉኝ ያ ማኅተም ትዝ ብሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኤድስ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ የጸረ ኤድስ ክበባት ልጆች በጭውውትና በአጫጭር ድራማ ነው ስሙን ያስደፈሩን። «ያ በሽታ» ይባል የነበረውን በስሙ የጠሩት እነሱ ናቸው። ወላጅ በቤቱ ሊያወራው ያልቻለውን ነገር ልጁ መድረክ ላይ ሲያወራው ሰማ። ስንት ሰው በዚያ እንደተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለ ሕፃናቱ ያነሣችሁትን ላንሣ። ዝግጅቱ ማታ ነው፤ በፖስተሩ ላይ ለአዋቂዎች መሆኑ ተጽፏል። አንድም ብልግና የለበትም፤ ሰባቱንም ጽሑፎች መስመር በመስመር አንብቤአለሁ። ስለ እምነት ደግሞ፣ አዳራሹ የማኅበረሰቡ ነው እንጂ የአንድ ቤተ እምነት አይደለም። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በየተራ ሲከራየው ኖሯል፤ አንዱ የሌላውን አምልኮ ተቀብሎ አይደለም። ሕጉን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ ሰው በሚያፈቅረው ጾታ ምክንያት እንዳይነፈግ ከ2001 ጀምሮ ደንግጋለች። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ጠበቃ ያዙ ያሏቸውም ነበሩ፤ አልፈለጉም። ክስ አሸንፈው በፖሊስ ታጅበው የሚገቡበት አዳራሽ ውስጥ እናቶቻቸው አይቀመጡም።

ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እናንተንም ሊያስጨንቃችሁ ይገባል። ከእነዚህ ልጆች አራቱ አገር ቤት ቤተሰብ አላቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ በተከታዩ አንቀጽ በከበደው ሁኔታ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። በኦገስት 2023 የአዲስ አበባ አስተዳደር ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድኩ ነው ብሎ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰው ፎቶግራፍና ስም እየተለጠፈ ሰው እንዲደበደብ ሲቀሰቀስ አይተናል። ስለዚህ ልጆቹ ስማቸውን ፖስተሩ ላይ አላወጡም። ስልክ በር ላይ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል፣ ቀረጻ የለም። ካፌ ወይም ሬስቶራንት ሳይሆን የእኛን አዳራሽ የመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። አንድ መግቢያ አለው፤ በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው ያውቁታል። እኔ ነኝ።

ሌላው ምክንያት የመሶቡ ልጅ እናት ናት። በወር አንድ እሑድ ለእድር ስብሰባ እዚሁ አዳራሽ ትመጣለች። መሐል ከተማ ያለ ቴአትር ቤት ገብታ አታውቅም፤ ልጇ ቢጋብዛትም አትሄድም። እዚህ ግን ወንበሯን ታውቀዋለች። ከግራ በኩል ሦስተኛው ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ። ልጁ መነባንቡን የጻፈው ያን ወንበር እያየ ነው። እንደምትመጣ አላውቅም። ብትመጣም ምን እንደምትል አላውቅም። ሳትመጣ ብትቀር ግን በሯ ተዘግቶባት መሆን የለበትም።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ በምንም ነገር ከእኔ ጋር እንድትስማሙ አልጠይቅም። ቡራኬም፣ አርማችሁን ፖስተሩ ላይ ማድረግም፣ ንግግርም አንፈልግም። ከእናንተ መካከል የፈለገ መጥቶ ልምምዱን ይይ፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እኔ ቤት ነው፣ ባለቤቴ ቡና ታፈላለች። አይቶ የሚቃወም ካለ ተቃውሞውን ከዝግጅቱ በኋላ በውይይቱ ላይ ቆሞ ይናገር፤ ልጆቹ ሊሰሙት ዝግጁ ናቸው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የመለሳችሁትን መያዣ መልሳችሁ ተቀበሉ።

ቅዳሜው አሁንም ባዶ ነው፤ በር ላይ የለጠፋችሁትን የአዳራሽ መርሐ ግብር ትናንት አይቼዋለሁ። የሚያስፈልጉት 120 ወንበሮች ናቸው። እኔ እደረድራቸዋለሁ፣ ሲያልቅም እሰበስባቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅዳሜ ትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ